ባሕር በሌለበት መርከብ መቁጠር

ከወድ ኤል ሒለው እስከ ፖርት ሱዳን ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር እንኳ ቢለካ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመካከሉ የማሽላና የሰሊጥ ማሳ አለ፤ ከሰላ አለች፤ ከዚያም እስከ ቀይ ባሕር ኮረብታዎች የሚዘልቅ ደረቅ ምድር አለ። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው ማታ ከሥራ መልስ ስልኩን ከፍቶ፣ በጅዳ አቅራቢያ መልሕቋን የጣለች የጭነት መርከብ ስም ሲያነብ፣ ፍጥነቷን ሲመለከት፣ ነገ የት እንደምትደርስ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ማየት ግር ያሰኛል። መርከቧ የእርሱ አይደለችም። የጫነችውም ዕቃ አይመለከተውም። «ታዲያ ምን ይሠራልሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ ትከሻውን ከመስበቅ በቀር የሚሰጠው መልስ የለውም።

ሥራ ፈትነት ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ዳማ የሚጫወተውም፣ ካርታ የሚጥለውም ሥራ ፈት ነው። (አማርኛችን ለመጫወቻውም ሆነ ለምድር ሥዕሉ ያንኑ «ካርታ» የተባለ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም።) ዳሩ ግን የመርከቡ ካርታ ከዳማው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይነበባል። ጸሐፊዎች አሉት፤ የአጻጻፍ ደንብ አለው፤ የሚያወራው ነገር አለ፤ ዝም የሚለውም ነገር አለ። ስለዚህ እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል፤ በተለይም ከዘመዶቹ አንዱን በውሃ መንገድ የሸኘ ሰው በሚበዛበት በዚህ ጠረፍ።

ልማዱ ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። መርከብን በዓይን ሳያዩ መከታተል ወግ የያዘው፣ ለእኛ ሰው ደስ በሚያሰኝ ሁኔታ፣ በቡና ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው ለንደን ላይ በከፈተው ቡና ቤት ነጋዴዎች፣ የመርከብ ባለቤቶችና ካፒቴኖች እየተሰበሰቡ የትኛዋ መርከብ ደረሰች፣ የትኛዋ ዘገየች፣ የትኛዋ ሰጠመች እየተባባሉ ወሬ ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ ወሬ ዛሬ ሎይድስ የሚባለው ታላቅ የመድን ገበያ ተወለደ፤ ከ1734 ጀምሮም «ሎይድስ ሊስት» የተሰኘው የመርከብ ወሬ ጋዜጣ መታተም ያዘ። በዚያ ቡና ቤት መምጣታቸው በጉጉት ይጠበቅ ከነበሩት መርከቦች መካከል ከአፍሪካ ሰው ጭነው አትላንቲክን የሚያቋርጡ ይገኙባቸው ነበር። ተጫኞቹ በመዝገብ የሚገቡት ከዕቃው ተራ ነበር። ሎይድስ በዚህ ንግድ ለነበረው ድርሻ በ2020 ይቅርታ ጠይቋል። መርከቧን ማየትና በመርከቧ ውስጥ ያለውን ሰው ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑት እንግዲህ ከጥንት ከመነሻው ነው።

ዛሬ በስልክ የሚታየው ካርታ የቆመው ኤ.አይ.ኤስ. በሚባል የሬዲዮ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው የተሠራው መርከቦች በጭጋግና በሌሊት እንዳይጋጩ እንጂ ተመልካች እንዲዝናና አይደለም። በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ደንብ መሠረት፣ በአገሮች መካከል የሚመላለስ 300 ቶኔጅና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ፣ የመንገደኛ መርከብ ደግሞ መጠኑ ምንም ይሁን ምን፣ ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ ይህን መሣሪያ የመያዝ ግዴታ አለበት። መርከቧ በጉዞ ላይ ሳለች ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ልዩነት፣ መልሕቅ ጥላ ሳለች በየ3 ደቂቃው «እዚህ ነኝ» ትላለች። ድምፁን በአቅራቢያዋ ያለ ሌላ መርከብ ይሰማል፤ በባሕር ዳር አንቴና የተከለ ማንኛውም ሰውም ይሰማል። በ2007 በግሪክ አገር በኤጅያን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ የጥናት ሥራ ይህን ድምፅ ከበጎ ፈቃደኞች አንቴና እየሰበሰበ በድረ ገጽ ላይ ማሳየት ያዘ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው «ማሪን ትራፊክ» ያ ነው። በ2023 ግን የገበያ መረጃ በሚሸጥ ኩባንያ እጅ ገብቷል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አንባቢ ልብ ይሏል። ካርታው ባሕሩን አያሳይም፤ የሚያሳየው የተሰማውን ድምፅ ነው። አንቴና በበዛበት ዳርቻ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ወደቦች፣ ነጥቡ እንደ ጤፍ ፈሶ ይታያል። አንቴና በሌለበት ስፍራ ባሕሩ ባዶ ይመስላል። ከሳተላይት የሚገኘው ወሬ ደግሞ በአብዛኛው ለከፋይ ደንበኛ የተቀመጠ ነው። በነጻ የሚመለከተው ሰው መሃል ባሕር የገባችን መርከብ ሲነካ፣ የመጨረሻ ቦታዋ የታወቀው ከዚህን ያህል ሰዓት በፊት ነው የሚል አጭር መስመር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ግምት ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። አንዲት መርከብ ስለ ራሷ የምትጽፈው እጅግ ጥቂት ነው። ለስሟ የተፈቀዱላት 20 ፊደላት ናቸው፤ ለመድረሻዋም እንዲሁ 20። ከጉባኤ ቃና ያጠረ ነው። ዘጠኝ አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አላት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገሯን ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ 624፣ የሱዳን 662፣ የጅቡቲ 621፣ የኤርትራ 625 ነው። ቦታዋንና ፍጥነቷን መሣሪያው ራሱ ከሳተላይት እየተቀበለ ይሞላል፤ ሰው አይነካውም። መድረሻዋን፣ የምትደርስበትን ሰዓት፣ ያለችበትን ሁኔታና ምን ያህል እንደ ጠለቀች የሚጽፈው ግን ተረኛው መኮንን ነው፤ በጣቱ። በመሣሪያ የተጻፈውና በሰው የተጻፈው ባንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለካርታው ልዩ ጣዕም ይሰጠዋል። ተረኛው ከረሳ፣ በ14 ኖት ፍጥነት የምትከንፍ መርከብ ታስራ እንደ ቆመች ትጽፋለች። ነጥቧና ቃሏ ሲጣሉ ማየት ከዚህ መዝናኛ ደስታዎች አንዱ ነው።

ከእነዚህ አጫጭር ቃላት ወደ አማርኛ ለመመለስ ቀላል የሆኑ አሉ። «በሞተር በመጓዝ ላይ»፣ «መልሕቅ ጥላ»፣ «ወደብ ላይ ታስራ»፣ «መሬት ነክታ» ቢባል ሰው ይረዳል። አማርኛ ባሕር የራቀው ልሳን ነው ቢባልም ቃል አላነሰውም፤ መርከብን ከኖኅ ጀምሮ ያውቃታል፤ ታንኳን ከጣና፣ ጀልባን ከዐረቡ ጎረቤት ወስዷል፤ ወደብና መልሕቅም አሉት። ሐይቁንም ውቅያኖሱንም ባሕር ብሎ የሚጠራ ሕዝብ የውሃ ጉዳይ አያስደነግጠውም። የሚያስቸግረው «ኖት አንደር ኮማንድ» የተባለው ነው። ቃል በቃል «በትእዛዝ ሥር ያልሆነች» ቢሉት፣ በካፒቴኑ ላይ ዓመፅ የተነሣ ያስመስለዋል። የባሕር ደንቡ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ሞተሯ ጠፍቶ ወይም መሪዋ ተሰብሮ፣ ባልተለመደ ሁኔታ ምክንያት ከሌላ መርከብ መንገድ ዘወር ማለት የማትችል ማለት ነው። በሌሊት ሁለት ቀይ መብራት፣ በቀን ሁለት ጥቁር ኳስ ሰቅላ ታስታውቃለች፤ ያያት ሁሉ ይጠነቀቅላታል። «መሪ ያልታዘዘላት» ቢባል የሚቀርብ ይመስላል። ይህ ቃል ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የጠለቀችበት መጠንም እንዲሁ ይነበባል። ወደብ ስትገባ 7 ሜትር የጻፈች መርከብ ስትወጣ 11 ከጻፈች፣ ጭናለች ማለት ነው። ምን እንደ ጫነች ግን አይታወቅም። ከገዳሪፍ የጨረታ ገበያ የተነሣ ሰሊጥ ፖርት ሱዳን ወርዶ በየትኛዋ ሆድ እንደ ገባ የሚናገር ቦታ በካርታው ላይ የለም። በጁን 2022 «በድር 1» የተባለች መርከብ ከሱዋኪን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በጎች ጭና ልትነሣ ስትል እዚያው ወደቡ ላይ ሰጥማለች። ከ15,000 በላይ በጎች ነበሩባት፤ የመሸከም አቅሟ 9,000 ያህል እንደ ነበር የወደብ ሰዎች ተናግረዋል። ከየትኛው የመስክ ሣር መጥተው እንደሆን የከብት ነጋዴ ያውቃል፤ ካርታው የሚያውቀው አንዲት ነጥብ ነው።

የኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ልዩ ጨዋታ በ624 የሚጀምሩትን መፈለግ ነው። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት በ1964 ተመሠርቶ፣ አገሪቱ ከ1993 ወዲህ የባሕር በር ካጣች በኋላም ሳይፈርስ ቆይቶ፣ በ2011 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት የሚባለውን ሆኗል። በ2010ሮቹ መጀመሪያ ከቻይና ያስገነባቸው መርከቦች ስም ተመልካችን ያስደምማል፤ ሐረር፣ ጋምቤላ፣ ጂግጂጋ፣ አሶሳ፣ ፊንፊኔ፣ መቀሌ። አንዳቸውም ባሕር አይተው የማያውቁ ከተሞች ናቸው። «ጋምቤላ» ሕንድ ውቅያኖስን ስታቋርጥ ማየት ልብን ያሞቃል፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የስም ነገር አንዳንድ ጊዜ ያማል። ከጁን 2021 መጨረሻ አንሥቶ እስከ ዲሴምበር 2022 ድረስ ከመቀሌ ከተማ ጋር በስልክ መገናኘት አይቻልም ነበር። ሰቲትን ተሻግሮ በዚህ በሱዳን በኩል የተቀመጠው ሰው የእናቱን ድምፅ መስማት ባልቻለበት በዚያ ጊዜ፣ የከተማይቱን ስም የተሸከመችው መርከብ የትም ብትሄድ በደንቡ መሠረት «እዚህ ነኝ» እንድትል ትገደድ ነበር። ይህን ያሰበ ደራሲ የለም፤ ካርታው በራሱ የጻፈው ምፀት ነው።

በቀይ ባሕር ላይ በ2023 መጨረሻ የተጀመረው የመርከቦች ጥቃት ለዚህ ጽሑፍ አዲስ ዘመን አመጣለት። በጃንዋሪ 2024 ከባብ ኤል መንደብ ወዲህና ወዲያ የሚያልፉ መርከቦች መድረሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ መድረሻቸውን መጻፍ ተዉ። አንዷ «ሠራተኞቹ ሁሉ ቻይናውያን ናቸው» አለች። ሌላዋ «ከእስራኤል ጋር ግንኙነት የለኝም»፤ ሦስተኛዋ «የታጠቁ ዘበኞች አሉ»። 20 ፊደል ይበቃል አይበቃም ሳይባል አንዱ ይማጸንበታል፤ አንዱ ያስፈራራበታል። ወዴት ትሄዳለህ ለሚል ጥያቄ ማን እንደሆነ የሚመልስ ሰው በየኬላው የቆመን ሰው ያስታውሳል፤ ይህ ጠረፍ ደግሞ ኬላ ብርቁ አይደለም። ሌሎቹ መሣሪያቸውን አጥፍተው በጨለማ አለፉ። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 የተመታችው «ሩቢማር» ግን 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደ ጫነች ለቀናት ስትንሳፈፍ ቆይታ በማርች 2 ሰጠመች። በመሃሉ የምትጎትተው መልሕቅ ከባሕር በታች የተዘረጉ የኢንተርኔት ገመዶችን ሳይበጥስ እንዳልቀረ ባለሙያዎች ተናግረዋል። ካርታው የሚመጣበትን መንገድ በካርታው ላይ ያለችው መርከብ ቆረጠችው ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለሚታየው ነው የተባለው። የካርታው ዋና ጉዳይ ያለው ግን በማይታየው ውስጥ ነው። ደንቡን እንደገና እንመልከተው። ግዴታው የሚጀምረው ከ300 ቶኔጅ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የጭነት ጀልባ፣ የዓሣ አጥማጁ ሳምቡክ፣ የጎማ ጀልባ አይገደድም፤ መሣሪያውንም የሚገዛለት የለም። የጦር መርከብም አይገደድም፤ ሲሻው ያበራል፤ ሲሻው ያጠፋል። እንግዲህ ከካርታው የሚጎድሉት ከሁሉ ያነሰውና ከሁሉ የበረታው ናቸው። አንዱ ድምፅ የለውም፤ ሌላው ድምፁን የመንፈግ መብት አለው። የሚታየው በመካከል ያለው ነው፤ ነጋዴው። ተመልካቹ ግን ያን መካከለኛ ክፍል እያየ ባሕሩን በሙሉ ያየ ይመስለዋል። የመዝናኛው ጉድለት ጊዜ ማባከኑ ሳይሆን ይህን የሙሉነት ስሜት በነጻ ማደሉ ነው።

የወድ ኤል ሒለው ሰው ይህን ለመረዳት ፖርት ሱዳን መውረድ አያስፈልገውም። ደጁ ላይ ሰቲት አለ፤ ከወዲያ ተከዜ የሚባለው። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት እንደ ጀመረ በሐምዳይት መሻገሪያ በአስር ሺሕ የሚቆጠር ሰው ይህን ወንዝ ተሻግሯል፤ ከፊሉ በጀልባ፣ ከፊሉ ባዶ በርሜሎችን በእንጨት አስሮ በተሠራ መንሳፈፊያ ላይ ተቀምጦ። መንገዱ ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር የጥቂት ደቂቃዎች ነበር፤ ብዙው ሰው ከዚያ የረዘመ ጉዞ በሕይወቱ አላደረገም ቢባል ማጋነን አይደለም። በ2021 ክረምት ደግሞ ውሃው የሰው አስከሬን ይዞ መጣ። በዚህ በወድ ኤል ሒለውና በአቅራቢያው ያሉ ሰዎች፣ በተለይም ከትግራይ የመጡት ስደተኞች፣ እጃቸው ወደ ኋላ የታሰረ ሬሳ ጭምር ከወንዙ እያወጡ መቅበራቸውን የዓለም መገናኛ ብዙኃን ዘግበዋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ዘገባውን አልተቀበለም። ቀባሪዎቹ ከየት እንደ ተነሡ፣ ስንት ቀን በውሃ ላይ እንደ ቆዩ የሚያነቡት ከሬሳው ነበር፤ ከልብሱ፣ ከጠባሳው፣ ከታሰረበት ገመድ። በወንዙ ዳር ያለ ሰው መድረሻን ከመነሻ፣ ጊዜን ከርቀት ማስላት ይችላል። ይህ ዓይነቱ ንባብ ከስልኩ ጨዋታ ጋር አንድ ሥር አለው፤ አንዱ የተነገረውን ይቀበላል፤ ሌላው ያልተነገረውን ይፈልጋል።

ይህን ሁለተኛውን ንባብ ወደ ጥበብ ያደረሰ አንድ ሥራ አለ። ቻርልስ ሄለርና ሎሬንዞ ፔዛኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2014 የሠሩት «ሊኩዊድ ትሬስስ» የተሰኘ አጭር ፊልም ነው፤ «የውሃ ላይ ዱካ» ብንለው ያስኬዳል። ፊልሙ መነሻ ያደረገው እነርሱ ራሳቸው ለንደን በሚገኘው ጎልድስሚዝስ ሆነው በ2012 ያወጡትን የምርመራ ሪፖርት ነው። ነገሩ የተፈጸመው በማርችና በኤፕሪል 2011፣ የኔቶ መርከቦችና አውሮፕላኖች በሊቢያ ላይ በተሠማሩበት ወቅት ነው። 72 ሰዎች በአንዲት የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሡ። ከ72ቱ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የቀሩት ከኤርትራ፣ ከሱዳን፣ ከናይጄሪያና ከጋና። ከኢትዮጵያ ወደ ሊቢያ የሚወስደው የተለመደ መንገድ በመተማና በገላባት፣ በገዳሪፍና በካርቱም የሚያልፍ በመሆኑ፣ ታሪኩ ለዚህ አካባቢ አንባቢ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የሰቲት ውሃም ቢሆን ከግድቡ ካለፈ ወደ አትባራ፣ ከአትባራ ወደ ዓባይ ገብቶ የሚያበቃው እዚያው ባሕር ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ የፈረንሳይ አውሮፕላን ጀልባዋን ፎቶግራፍ አነሣት። ተሳፋሪዎቹ በሳተላይት ስልክ ሮም ለሚገኙት ኤርትራዊ ካህን ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ፤ እርሳቸውም ለኢጣሊያ የባሕር ጠባቂዎች አሳወቁ። ጀልባዋ ያለችበት ቦታ ከስልኩ ተገኘ። ሮም ላይ ያለው ጣቢያ የጭንቁን ጥሪ በየ4 ሰዓቱ እየደጋገመ ለ10 ቀናት ያህል ለአካባቢው መርከቦች አስተላለፈ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ውሃና ብስኩት ጥሎ ሄደ። ነዳጅ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ለ14 ቀናት በነፋስና በማዕበል ተነዳች። ወደ አሥረኛው ቀን ገደማ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ እጅግ ቀርቦ ተመለከታቸው፤ እነርሱም የሞቱትን ሕፃናት ከፍ አድርገው አሳዩ፤ መርከቡ ትቷቸው ሄደ። በኤፕሪል 10 ጀልባዋ ተመልሳ ሊቢያ ዝሊተን አጠገብ ዳር ስትመታ 11 ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ሁለቱ ወዲያው ሞቱ። 63 ሰው አለቀ።

ፊልሙ ይህን ሲናገር አንዲት ለቅሶ፣ አንዲት የተዋናይ ፊት አያሳይም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለት ይቻላል አንድ የሚንቀሳቀስ ካርታ ነው። ሰማያዊ ገጽ ላይ መስመሮች ይሰመራሉ፤ የየአገሩ የነፍስ አድን ክልል፣ ኔቶ የሚቆጣጠረው የባሕር ክፍል፣ ጥሪው የተላከበት ሰዓት። ጀልባዋ የምትጽፈው መሣሪያ ስለሌላት፣ ሁለቱ ሰዎች መንገዷን የጻፉላት ነፋሱንና ሞገዱን አስልተው ነው፤ በዚህም የውቅያኖስ ተመራማሪ ረድቷቸዋል። ከራዳር ሳተላይት በተገኙ ምስሎች ላይ በአካባቢው የነበሩ ትልልቅ መርከቦች እንደ ብርሃን ነጥብ ይታያሉ። ወደ 10 ሜትር የምትጠጋው ጀልባ ግን ለሳተላይቱ ዓይን ያነሰች ናት። ፊልሙ የደረሰበት ይህ ነው፤ ጀልባዋን ማሳየት አልተቻለም፤ በዙሪያዋ የነበሩትን ማሳየት ግን ተችሏል። በዓይን የማትታየው ጀልባ በሌሎች መታየት ተገለጠች። በባሕር ደንቡ ቋንቋ መሪ ያልታዘዘላት ጀልባ ነበረች፤ 14 ቀን ሙሉ፤ ሁለቱን ጥቁር ኳስ የሚሰቅልላት ሳይኖር።

ሥራው ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ቅዝቃዜው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ እንባ አይሻም። ነገር ግን ተመልካቹ የሚሰማው የተራኪው የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው፤ የተራፊዎቹ ቃል በእርሱ በኩል ተጣርቶ ይደርሳል። ከ72 ሰዎች 47ቱ ምናልባት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ተነጋግረው በሞቱበት ጀልባ ላይ፣ ከእነዚህ ቋንቋዎች የአንዱ ድምፅ ደብዝዞ መቅረቱ ጎዶሎ ነው። ደግሞም ካርታው ራሱ እንደ ማናቸውም ካርታ ያማልላል፤ የመስመሩ ውበት አንዳንድ ጊዜ ከነገሩ ይቀድማል። የጦር መርከቡ የማን እንደ ነበር ሪፖርቱም ፊልሙም ለይተው አልተናገሩም፤ ይህ የእነርሱ ድክመት ሳይሆን የበረታው ወገን ዝምታ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ስለ ስደተኛ የተሠሩ ፊልሞች አብዛኞቹ የሚያቀርቡልንን የሚያስለቅስ ፊት ትቶ፣ «በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ማን ነበር?» ብሎ መጠየቁ ከሌሎቹ ሁሉ ያስበልጠዋል። ሐዘንተኛም ቢሆን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ማን አየው? ማን ከጎኑ ነበር?

የሚገርመው፣ የመርከብ ተመልካቹ ሥራ ፈት ሳያውቀው የዚህን ፊልም ፊደል ተምሯል። ነጥብና ቃል ሲጣሉ ማየት ለምዷል። መሣሪያዋ የጠፋን መርከብ የመጨረሻ ቦታ ያስታውሳል፤ ፍጥነትን በሰዓት አባዝቶ የት ልትደርስ እንደምትችል ይገምታል። የጎደለው አንድ እርምጃ ነው፤ ባዶውን ስፍራ እንደ ባዶ አለማየት። በኦገስት 3 ቀን 2025 ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ አጠገብ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ቀን የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ካርታ የከፈተ ሰው የሚያየው ያው የተለመደውን ነበር፤ አረንጓዴ የጭነት መርከቦች፣ ቀይ የነዳጅ መርከቦች፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ በተራ። በዚያ ስፍራ አጠገብ ያለፉት እነማን ናቸው? ምን ያህል ቀርበው? ካርታው ይህን አይመልስም፤ ጥያቄው ግን ከካርታው ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ያለፈውን ጉዞ ወደ ኋላ ማየት የሚቻልበት መንገድም፣ በክፍያ ቢሆንም፣ አለ።

«ሊኩዊድ ትሬስስ» ግን አያስከፍልም። በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ ርዝመቱ 20 ደቂቃ አይሞላም። የፌብሩዋሪ 2024ቱ የኔትዎርክ መቋረጥ በሱዳን ብዙ ስፍራ በሰዓት እየከፈሉ የሳተላይት ኢንተርኔት መጠቀምን አስለምዷልና፣ ከአንዲት ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ ቢነሣለት የቀረው ለመርከቦቹ ይበቃል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው አጠገቡ የሚተረጉምለት ቢያስቀምጥ ይበጃል፤ የባሕር ስሞቹና ሰዓቶቹ ብዙ ስለሆኑ አንዳንድ ስፍራ ላይ ማስቆም ያስፈልጋል፤ በተለይ የሮሙ ጥሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈበት ክፍል ላይ።